የአየር ንብረት ለውጥና የካውንቲው ገንዘብ፦ ውሳኔው ላይ እኛስ አለንበት?

በኬንያ ያሉ ካውንቲዎች የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም ከልማት በጀታቸው ገንዘብ እንመድባለን ብለው በሕግ ቃል መግባት ከጀመሩ አሥር ዓመት አልፏል። እኛ የምንኖርበት የቱርካና ካውንቲም የራሱን የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ ካወጡት አንዱ ነው። ወሬው ወደ ካኩማና ወደ ካሎቤየይ ሲደርስ ግን ብዙዎቻችን የአገሬው ጉዳይ ነው ብለን እናልፈዋለን። እውነት ነው፣ እኛ አንመርጥም፣ አንመረጥምም። ነገር ግን ላጋው ሲሞላ ጎርፉ የቱርካናውን ጎጆና የስደተኛውን ቤት ለይቶ አይወስድም። ቦኖው ሲደርቅም ጀሪካኑ የማንም ይሁን የማን ባዶውን ይመለሳል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ይህ የካውንቲዎች ቃል ከየት እንደመጣ፣ ገንዘቡን ማን እንደሚመድበውና እኛ በየት በኩል ልንገባበት እንደምንችል እንመለከታለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ድርቁና ጎርፉ

ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ በምሥራቅ አፍሪካ ቆላማ አካባቢዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተዋል። በኬንያ ብቻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ እንስሳት አልቀዋል። ቱርካና በጣም ከተጎዱት ካውንቲዎች አንዱ ነበር። ሳይንቲስቶች በ2023 ባወጡት ጥናት፣ ሰው ያመጣው የሙቀት መጨመር እንዲህ ያለውን ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ መቶ እጥፍ እንዳሳደገው ገልጸዋል። ምክንያቱ ዝናብ ማነሱ ብቻ አይደለም። አየሩ ሲሞቅ መሬቱና ተክሉ የያዙትን ጥቂት እርጥበት ቶሎ ይመጠዋል። ስለዚህ ድሮ ሰው ችሎት የሚያልፈው የዝናብ እጥረት ዛሬ ከብት ይጨርሳል።

ድርቁ ሳይረሳ በ2023 መጨረሻ ደግሞ በተቃራኒው ከባድ ዝናብ መጥቶ በብዙ የኬንያ አካባቢዎች ጎርፍ አስከተለ። ግራ የሚያጋባ ይመስላል እንጂ ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። ደርቆ የተራቆተ መሬት ላይ የወረደ ውሃ ወደ ውስጥ ከመስረግ ይልቅ እየጠረገ ወደ ላጋ ይሮጣል። በታራች ላጋ ዳር የሚኖር ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። በካኩማ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከላይ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል። የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃም የሚወጣው ከዚያው ላጋ ዳር ነው። እንግዲህ አንዱ ላጋ ያጠጣናል፣ ያሰጋናልም።

ይህን ሁሉ ያመጣብን ማን ነው ቢባል፣ ኬንያ ዓለምን ከሚያሞቀው ጋዝ ውስጥ ያላት ድርሻ ከአንድ በመቶ በታች ነው። የቱርካና ከብት አርቢና የካምፕ ስደተኛማ ከነጭራሹ የሉበትም። ሆኖም ዕዳው እዚህ ደርሷል፣ መቋቋሚያውንም እዚሁ መፈለግ ግድ ሆኗል።

ካውንቲዎች ቃል የገቡት እንዴት ነው?

የኬንያ ሕገ መንግሥት በ2010 ከጸደቀ በኋላ በ2013 ሥልጣንና በጀት ወደ 47 ካውንቲዎች ወረደ። ካውንቲ ማለት በእኛ አገር አነጋገር ለዞን የቀረበ ነው። በውስጡ ያሉት ዋርዶች ደግሞ እንደ ቀበሌ ናቸው። እያንዳንዱ ዋርድ ለካውንቲው ምክር ቤት አንድ ተመራጭ ይልካል። የእኛ ካውንቲ ምክር ቤት የሚቀመጠው ሎድዋር ነው። በጀት የሚያጸድቀው እሱ ነው።

የአየር ንብረት ፈንድ ሐሳብ መጀመሪያ የተሞከረው በኢሲዮሎ ነው፣ ጊዜውም 2011 ነበር። ከዚያም ጋሪሳ፣ ዋጂር፣ ኪቱዊና ማኩዌኒ ተጨመሩ። ማኩዌኒ በ2015 የፈንዱን ደንብ በማውጣት ከኬንያ ካውንቲዎች የመጀመሪያው ሆነ፤ ከልማት በጀቱ 1 በመቶ ለዚሁ እንዲውል ወሰነ። ዋጂር በ2016 ሕግ አውጥቶ 2 በመቶ መደበ። በዚያው ዓመት የኬንያ ፓርላማም አገር አቀፉን የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ አጸደቀ። በ2021 ደግሞ የዓለም ባንክ 150 ሚሊዮን ዶላር የፈቀደለት፣ ገንዘቡ ወደ ካውንቲዎች የሚወርድ ፕሮግራም ተጀመረ። ገንዘቡን ለማግኘት ካውንቲው ሕግና ፈንድ ሊኖረው፣ የዋርድ ኮሚቴዎችን ሊያቋቁም፣ ከራሱ በጀትም ሊያዋጣ ይገባል።

አንድ በመቶ፣ ሁለት በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ ትንሽም ነው። ትልቁ ነገር ግን ገንዘቡ የሚመደብበት መንገድ ነው። በእነዚያ አምስት ካውንቲዎች በተሠራበት አሠራር ከፈንዱ 70 በመቶው በዋርድ ደረጃ ሕዝቡ ለመረጣቸው ሥራዎች፣ 20 በመቶው ብዙ ዋርዶችን ለሚያገለግሉ የካውንቲ ሥራዎች፣ ቀሪው 10 በመቶ ለሥራ ማስኬጃ ይውላል። በየዋርዱ ሕዝብ የመረጠው ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ባራዛ ጠርቶ ሕዝቡ በድርቅና በጎርፍ ጊዜ ምን እንደሚጎድለው ይጠይቃል፤ ከዚያ የሥራ ሐሳብ ያቀርባል። የካውንቲው ባለሙያዎች ንድፉንና ዋጋውን ያግዛሉ። ሐሳቡ መስፈርቱን ካሟላ ከላይ ያለ ባለሥልጣን ስላልወደደው ብቻ ሊጥለው አይችልም።

መስፈርቶቹን ማወቅ ይጠቅመናል። ሥራው ብዙ ሰው የሚጠቅም፣ ኑሮን ወይም ዋና አገልግሎትን የሚደግፍ፣ ድርቅንና ጎርፍን ለመቋቋም የሚረዳ፣ ከሚመለከታቸው ሁሉ ጋር ምክክር የተደረገበት፣ ዋጋው ተመጣጣኝና ዘላቂ መሆን አለበት። ከእነዚህ ጋር አንድ ሌላ አለ፦ በሰዎች መካከል ስምምነትንና መተማመንን የሚያጠናክር ይሁን ይላል። ቱርካናና ስደተኛ በአንድ ላጋ በሚጠጡበት በእኛ አካባቢ ይህ መስፈርት ከሁሉ ሊቀድም ይገባዋል።

በኢሲዮሎ ከፈንዱ የተሠራው የውሃ ኩሬ ብቻ አልነበረም። ቦረናዎች በጥንት ጊዜ ያቋቋሙት ዴዳ የሚባል የግጦሽ አስተዳደር አላቸው። ሽማግሌዎች ለበጋ የሚጠበቀውን ሣር ከክረምቱ ለይተው ይከልላሉ። ቦረና በኢትዮጵያም በኬንያም የሚኖር ሕዝብ ስለሆነ ከመካከላችን ይህን ሥርዓት የሚያውቁ አይጠፉም። የኢሲዮሎ ሕዝብ ሲጠየቅ ይህ ሥርዓት እንዲጠናከርለት ነበር የፈለገው። ቢሮ የተቀመጠ ሰው ይህን አያስበውም ነበር፤ እሱ የሚያስበው ሲሚንቶ ነው።

በማኩዌኒና በኪቱዊ ደግሞ የአሸዋ ግድብ የታወቀ ነው። በደረቅ ወንዝ ላይ አጠር ያለ የድንጋይ ግንብ ይሠራል። ጎርፍ ሲመጣ አሸዋውን ከግንቡ ኋላ ይደለድለዋል፤ ውሃው በአሸዋው ውስጥ ይጠራቀማል። ፀሐይ ስለማያገኘው ቶሎ አይተንም፣ ወባ ትንኝም አይራባበትም። የቱርካና እናቶች ላጋ ውስጥ አሸዋ ቆፍረው ውሃ ሲቀዱ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ሕዝብ ሳይጠየቅ ሲሠራ

መልካም ሐሳብ ብቻውን እንደማይበቃ የሚያስተምረን ከደጃችን የማይጠፋው እሾሃም ዛፍ ነው። በኬንያ ማተንጌ ይሉታል፤ የሳይንስ ስሙ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ነው። በ1980ዎቹ በረሃማነትን ለመከላከልና ለማገዶ ተብሎ በባሪንጎና በቱርካና ተተከለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ዛፉ ግን ከታሰበለት ቦታ ወጥቶ የግጦሽ መሬቱንና የላጋ ዳሩን ወረሰ፣ መንገድ ዘጋ፣ እሾሁ እግር ወጋ። ፍሬው ስኳር ስላለው ፍየሎች ሲበሉት ጥርሳቸውን ያበላሻል። በ2006 በባሪንጎ የሚኖሩ የኢልቻሙስ ሰዎች መንግሥትን ከሰሱ፤ ጥርሷ ያለቀ ፍየልም ለማስረጃ ፍርድ ቤት ቀርባለች። ነገሩ ያስቅ ይሆናል። ለባለቤቷ ግን ያቺ ፍየል ወተትም ገንዘብም ነበረች።

ከዚህ የምንማረው ዛፍ አትትከሉ የሚል አይደለም። በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው የትኛው ዛፍ፣ የት፣ ለምን ተብሎ ሳይጠየቅ የተተከለ ዛፍ ለልጅ ልጅ ዕዳ ሊሆን ይችላል ነው። ዛሬም የካውንቲው ገንዘብ ለችግኝ ሲወጣ ስንት ሺህ ተተከለ ከማለት በፊት ማን ያጠጣዋል፣ ማንስ ይጠቀምበታል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የማገዶ ነገር

እኛንና የቱርካና ጎረቤቶቻችንን ከሁሉ በላይ የሚያነካካን ማገዶ ነው። ስደተኛ ከካምፕ ወጥቶ እንጨት እንዳይለቅም ተከልክሏል። በዕደላ የሚገኘው ማገዶ ወሩን አያደርስም። ስለዚህ የቱርካና ሴቶች ከሩቅ ተሸክመው የሚያመጡትን እንገዛለን። ባለፉት ዓመታት በእንጨት የተነሣ የተደበደበ፣ የተዘረፈ፣ ከዚያም የባሰ የደረሰበት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ከእኛ ወገን ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ቱርካናዎች በላጋ ዳር የሚበቅለውን ግራር ኤክዋር በሚሉት ሥርዓት በቤተሰብ ይከፋፈሉታል። እኛ ባዶ ዱር የመሰለን ቦታ ባለቤት አለው። የግራሩ ፍሬ በበጋ ሣር ሲያልቅ የፍየል ቀለብ ነው። አንድ ትልቅ ግራር ተቆርጦ ከሰል ሲሆን የአንድ ቤተሰብ የድርቅ ስንቅ ተቃጠለ ማለት ነው። ይህን ስናውቅ የጎረቤቶቻችን ቁጣ ከክፋት ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ይገባናል።

በዚህ በኩል እኛ ሐበሾች ልናዋጣው የምንችለው ነገር አለ። እንጀራ መጋገር ማገዶ ይበላል፤ በሦስት ጉልቻ ሲሆንማ ግማሹ ነበልባል ለንፋስ ነው። በአገራችን በ1990ዎቹ የወጣው ምርጥ የተባለው ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በቅርጽ ማውጫ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ፣ ተገጣጥሞ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብ ነው። ከኋላው በሚወጣው ሙቀት ወጥም ይሠራበታል። ቅርጽ ማውጫውን መሥራት የሚችሉ ብረት በያጆች፣ ሲሚንቶ ማቡካት የሚችሉ ግንበኞች በካምፑ ሞልተዋል። ሆቴል ያላቸውና እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እህቶቻችን ዋናዎቹ ተጠቃሚዎች ይሆናሉ። ይህ ለአንድ ዋርድ ኮሚቴ ቢቀርብ መስፈርቱን የማያሟላበት ምክንያት አይታየኝም፤ ለቱርካና ወጣቶችም ሙያ ይሆናል።

እኛ በየት በኩል እንግባ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። የዋርድ ኮሚቴዎቹ የተፈጠሩት ለኬንያ ዜጎች ነው። ታዲያ እኛን ማን ይሰማናል?

አንደኛ፣ የኬንያ የ2021 የስደተኞች ሕግ አለ። ይህ ሕግ የስደተኞች ኮሚሽነሩ ከማዕከላዊውና ከካውንቲው መንግሥት ጋር ሆኖ የስደተኞች ጉዳይ በልማትና በአካባቢ ጥበቃ ዕቅዶች ውስጥ እንዲታይ እንዲያደርግ ያዛል። ስለዚህ ካውንቲው የአየር ንብረት ዕቅድ ሲያወጣ የእኛን ነገር ማንሣት ልመና አይደለም፤ ሕጉ የሚለውን ማስታወስ ነው።

ሁለተኛ፣ በ2024 ካኩማ የማዘጋጃ ቤትነት ደረጃ አግኝቷል። የኬንያ የከተሞች ሕግ የማዘጋጃ ቤት ነዋሪዎች ስለ አገልግሎትና ስለ ዓመታዊ በጀት ተወያይተው ሐሳብ ማቅረብ እንደሚችሉ ይናገራል። ነዋሪ ይላል። የካኩማ ካምፕ የተቋቋመው በ1992 ነው። እዚህ ተወልዶ፣ እዚህ ተምሮ፣ እዚህ ልጅ የወለደ ሰው ነዋሪ ካልተባለ ማን ሊባል ነው? ይህን ጥያቄ በአደባባይ፣ በአክብሮትና ደጋግሞ ማንሣት የኮሚዩኒቲ መሪዎቻችን ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ መጋቢት 2025 መንግሥት ይፋ ያደረገው የሺሪካ ዕቅድ ካምፖች ቀስ በቀስ ስደተኛውና የአካባቢው ሕዝብ አብረው የሚገለገሉባቸው ሰፈሮች እንዲሆኑ ያልማል። ስለ ዕቅዱ ስጋት ያላቸው ወገኖች በሁለቱም በኩል አሉ፤ ስጋታቸውም ሊሰማ ይገባል። አብሮ መገልገል የሚለው ቃል ግን ከሁሉ በፊት በውሃና በማገዶ መፈተኑ አይቀርም።

እዚህ ላይ የበጀቱን ቀናት ማወቅ ጠቃሚ ነው። የካውንቲ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ መግቢያ፣ ጁላይ 1 ላይ ነው። የሚቀጥለው ዓመት የልማት ዕቅድ ለምክር ቤቱ የሚቀርበው እስከ ሴፕቴምበር 1፣ የገንዘብ ድልድሉ አቅጣጫ እስከ ፌብሩዋሪ 28፣ የበጀት ረቂቁ እስከ ኤፕሪል 30 ሲሆን መጽደቅ ያለበት እስከ ጁን 30 ነው። ከጁን በኋላ የሚነሣ ጩኸት ለዚያ ዓመት ዘግይቷል። እኛ ደግሞ ልማዳችን ጎርፍ ከመጣ በኋላ መጮህ ነው።

ባዶ እጅ አንሂድ

ስብሰባ ላይ ተቸግረናል ብሎ መመለስ ቀላል ነው። ኮሚቴን የሚያሳምን ግን ማስረጃ ነው። በአስተማሪነቴ ያየሁትን ልንገራችሁ። ተማሪዎቼ ስለ ጎርፍ ሲማሩ፣ ቤታቸው ሄደው ውሃው በግድግዳቸው እስከ የት እንደደረሰ ከወላጅና ከጎረቤት ጠይቀው እንዲመጡ አዘዝኳቸው። አንዳንዱ በስንዝር፣ አንዳንዱ በገመድ ለክቶ መጣ። ሁሉንም በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ስናሰፍረው ውሃው ወደ ብሎኮቹ የሚገባው በየትም ሳይሆን ሁልጊዜ በሁለት መንገዶች እንደሆነ ታየ። ሁለቱም ቦታ ላይ ቦይ አለ፤ ሁለቱም ቦይ በቆሻሻና በላስቲክ ተደፍኗል። ልጆቹ ራሳቸው መፍትሔውን ተናገሩ። እንዲህ ያለው ወረቀት በባራዛ ላይ ቢዘረጋ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ዋጋውም ጥቂት እስክሪብቶ ነው።

እንደዚሁ የብሎክ መሪዎች የትኛው ቦኖ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚቋረጥ፣ ለስንት ቤተሰብ እንደሚያገለግል በደብተር ቢይዙ፣ ሴቶች ውሃና ማገዶ ለማግኘት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባቸው ቢመዘግቡ ጥሩ ነው። ሴቶችን መጠየቅ ግድ ነው፤ ጀሪካኑን የሚሸከሙት እነሱ ናቸውና። ከተቻለም ሐሳቡን ለብቻችን ሳይሆን ከቱርካና ጎረቤቶቻችን ጋር አብረን እናቅርብ። በአንድ ቦኖ የሚቀዱ ሁለት ሕዝቦች አንድ ማመልከቻ ሲፈርሙ የዋርዱ ተመራጭ ሊያልፈው ይከብደዋል። የእነሱ ድምፅ አለው፣ የእኛም ቁጥር አለው።

ካውንቲውም የሚጠየቀው አለ። ከናይሮቢ የሚወርደው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። የተሠራ ፓምፕ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰውና ገንዘብ አስቀድሞ ካልታሰበ ሪባን በተቆረጠ በዓመቱ ዝገት ይቀራል። የዋርድ ኮሚቴም ቢሆን የጥቂት ጉልበተኞች መቀመጫ ከሆነ ከድሮው አሠራር አይሻልም። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ሥራ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ በሕግ የተመደበ ገንዘብ አለው ወይ? የመረጠው የቦታው ሰው ነው ወይ? ከሁለት ዓመት በኋላ የሚጠብቀው ማን ነው? ሦስቱም መልስ ካላቸው የካውንቲው ቃል ቃል ነው ማለት ይቻላል።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ላጋው ደርቆ ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት ማንም ጎርፍ አያስብም። ለሥራው የሚመቸው ግን ይህ ደረቁ ጊዜ ነው። በየብሎካችሁ ደብተሩን የሚይዝ አንድ ሰው፣ ቢቻል አንዲት ሴትና አንድ ወጣት ምረጡ። የልማት ዕቅዱ ምክር ቤት ከሚገባበት ከሴፕቴምበር 1 በፊት ወረቀቱ በዋርዱ ተመራጭ እጅ ይድረስ።